የጣና ስለት

ለኪዳነ ምሕረት ተስዬ ነበር፤ “ካንሰር አይሁን እንጂ በሰው ፊት እመሰክራለሁ” ብዬ። ይኸው።

ከሰገራዬ ጋር ደም ሲወጣ ኪንታሮት ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ያሳፍራላ። በመጨረሻ ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ኮሎኖስኮፒ የሚባል ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ ታዘዘልኝ። አንጀት ለማጽዳት ስለሚጠጣው ነገር ባላወራ ይሻላል፤ ሽንት ቤት ነው ያደርኩት።

ትልቁ አንጀቴ ውስጥ አራት ፖሊፕ፣ ማለትም ከአንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለ ሥጋ፣ ተገኘ፤ እዚያው ተቆርጦ ወጣ። “ካንሰር ነው?” አልኩ። “በዓይን አይፈረድም፣ የተቆረጠው በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ፓቶሎጂ ይለየዋል” አለ ዶክተሩ። አዴኖማ የሚባለው የፖሊፕ ዓይነት ገና ካንሰር ባይሆንም ካልተነቀለ በዓመታት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ደግሞ ስጋቱ ይጨምራል። ሌላው ዓይነት ደግሞ አንጀት ሲቆጣ የሚያበቅለው ነው። ይህኛው ዕጢ ቢመስልም ዕጢ አይደለም።

ውጤቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ጎረቤታችን “ዕጢ ቢላ ከነካው ይዛመታል” ብላ የቀረችኝን እንቅልፍ ወሰደችው። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ስዕለ አድኅኖዋ ሥር ወደቅሁ። ጸሎቴ አጭር ነበር፦ “እናቴ፣ ልጆቼ ገና ናቸው።”

በቀጠሮው ቀን ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ “የት ነው ያደጉት?” አለኝ። “ዘጌ፣ ጣና ዳር።” “ይዋኛሉ?” “አሁንም በሄድኩ ቁጥር።” ሳቀ። አራቱም ውስጥ የተገኘው የብልሃርዚያ እንቁላል ነው! ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃው ውስጥ በቆዳ ይገባል። ከዚያ አንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ የአንጀት ግድግዳ ላይ ሲቀር ሰውነት ይቆጣና ዙሪያውን ያብጣል። የኔ ፖሊፕ እሱ ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባል የብልሃርዚያ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ በአንድ ቀን ዋጥኩት፣ አለቀ። ደሙም ቆመ።

አንድ ወዳጄ “ከመጸለይህ በፊትም እኮ ብልሃርዚያ ነበር” አለኝ። ይበል። እኔ ያን ሁለት ሳምንት ማን አቅፎ እንዳሻገረኝ አውቃለሁ።

የካቲት 16 ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄጄ ስለቴን አስገባሁ። ከባሕር ዳር እስክንደርስ ባለቤቴ ጀልባው ላይ እጄን ይዛ ነበር፤ ጣቴን እንኳ ውኃ እንዳልነክር።