ከካቡ በፊት

ዛሬ ደብረ ታቦር አካባቢ ወደ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወጣ ብዬ ነበር። በመንገዱ ሁሉ የሚታየው ማሳና የተራቆተ የግጦሽ መሬት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የግቢውን በር አልፋችሁ ስትገቡ ግን አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ... የወፉ ጫጫታማ አይነሳ!

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከድሮው ደን የተረፈው በአብዛኛው ይሄው ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለ ጥቂት ሄክታር። ደኑን ሰው ጨረሰው እንላለን፤ እውነት ነው። ይቺን ያቆያትም ሰው ነው። ያውም ያለ ፕሮጀክት፣ ያለ ባነር። ጥቅሟ ደግሞ ለግቢው ብቻ አይደለም። ንቦቹ እዚያ ያድራሉ፣ ቀን የገበሬው ኑግ ላይ ይውላሉ።

ያሳሰበኝ መሬቱ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች አሉ፤ ከሥራቸው ግን ችግኝ የለም ማለት ይቻላል። ከብት እየገባ የበቀለውን ይግጣል፣ ይረግጣል። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚያጠኑት የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ካጠኗቸው ጉዳዮች አንዱ ይሄ ነው። አንዳንድ ቦታ ምእመናኑ ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው ደኑን በካብ አጥረዋል። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልህ ሥራ አላየሁም፦ ማሳው ይጸዳል፣ ከብቱ አይገባም፣ ችግኙ ያድጋል።

«አባ፣ እዚህስ ለምን አልታጠረም?» አልኳቸው አንዱን አባት።

«ድንጋዩ ሞልቷል ልጄ፤ ጉልበት ነው ያጣነው» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ወጣቶቹን ሰብስበው ሊጀምሩ አስበዋል። እዚያ አካባቢ ጋሪ የሚያከራይ የምታውቁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ።