ለምን 3?

ሐዋሳ፣ ማታ

ነፋስ ሲነሳ የሐይቁ አረፋ በረድፍ ይሰለፋል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ለቆመ ሰው ረድፉ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ መጀመሪያና ማብቂያውን ልለካ ካለ ግን የቱን አረፋ የቱን ውሃ እንደሚል አስቀድሞ መወሰን አለበት። በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞሉ ቅንጣቶች የተሠራ ጋዝ) ነውጥም ችግሩ ይኸው ነው። እዚያ የሚፈለጉት የከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ንጣፎች ናቸው፤ የማግኔት መስኩ በአጭር ርቀት አቅጣጫውን የሚቀይርባቸው፣ ጉልበቱም ተሰብስቦ ወደ ሙቀት የሚለወጥባቸው ስስ ቦታዎች።

የተለመደው አጀማመር ከረንቱ የአርኤምኤሱን (የዋጋዎቹ ካሬ አማካይ ስኩዌር ሩት) 3 እጥፍ ያለፈበትን ነጥብ ሁሉ ንጣፍ ማለት ነው። ቁጥሩ መጥፎ አይደለም፤ የሚያሳስበኝ ለምን 3 እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። አንዳች ቅርጽ የሌለው፣ የጋውስ (የደወል ኩርባ) ስርጭት ያለው መስክ እንውሰድ። በሦስቱ አቅጣጫ ያሉት ክፍሎቹ እኩል ሲወዛወዙ ከ1 ሚሊዮን ነጥብ 6 ያህሉ ገደቡን ያልፋሉ። ሁለት ክፍል ብቻ ሲወዛወዝ 123፣ አንድ ብቻ ሲሆን 2,700። ጠንካራ አማካይ መስክ ባለበት ፕላዝማ ደግሞ ከረንቱ በአብዛኛው የመስኩን አቅጣጫ ስለሚይዝ የሚቀርበው ወደ መጨረሻው ነው። በየጎኑ 512 ነጥብ ያለው የኮምፒውተር ስሌት ሳጥን 134 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ ስለዚህ ንጣፍ በሌለበት 362 ሺህ ያህል ነጥብ «ንጣፍ» ተብሎ ይቆጠራል።

መድኃኒቱ ቅርጽ አልባ ቅጂ መሥራት ነው። የማግኔት መስኩን ወደ ፎሪየር (ወደ ሞገዶች ድምር) ቀይሮ የሞገዶቹን መጠን ሳይነኩ ፌዙን (የሞገዱን መነሻ ቦታ) ብቻ በዘፈቀደ ማዞር፣ ከዚያ መመለስ። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። ለሦስቱ ክፍሎች የተለያየ ፌዝ ከተጨመረ የመስኩ ዳይቨርጀንስ (ከአንድ ነጥብ የሚወጣው የተጣራ መስክ) ዜሮ መሆኑ ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ የሞገድ ቁጥር (የሞገዱን አቅጣጫና ጥግግት የሚገልጽ) አንድ የጋራ ፌዝ ይበቃል። የተቃራኒው ሞገድ ቁጥር ፌዝ በተቃራኒ ምልክት ካልተቀመጠም የሚመለሰው መስክ እውን ቁጥር አይሆንም። ስፔክትረሙ (ጉልበቱ በሞገዶቹ መካከል ያለው ክፍፍል) ያው ስለሆነ፣ ከቅጂው በላይ የተረፈው ብቻ ነው የንጣፍ ምልክት።

ገደቡን ያለፉትን ነጥቦች በዙሪያቸው ካሉት 26 ጎረቤቶች ጋር ሲያያይዙ የሳጥኑን ተቃራኒ ግድግዳዎች ማገናኘት አይረሳ፤ አለዚያ ግድግዳ ያቋረጠ አንድ ንጣፍ ሁለት ይሆናል። ውፍረቱ 2 ወይም 3 ነጥብ ብቻ ከሆነ የተለካው ግሪዱ (የነጥቦቹ መረብ) ነው፣ ፕላዝማው አይደለም። ኪው የሚባለው የሽክርክሪት መለያም እዚህ አይረዳም፦ በንጣፍ ላይ መሽከርከሩና መለጠጡ ስለሚቀራረቡ ዋጋው ወደ ዜሮ ይጠጋል።

በሕዋ መንኮራኩር መረጃ ያለን አንድ መስመር ብቻ ነው። የፀሐይ ነፋስ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የ1 ሰከንድ ልዩነት 400 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የመስኩ ለውጥ ለለውጦቹ አርኤምኤስ ይካፈላል፤ ይህ ፒቪአይ ይባላል። አርኤምኤሱ የሚወሰድበት ጊዜ አጭር ከሆነ ግን ኃይለኛው ንጣፍ የራሱን መለኪያ ከፍ አድርጎ ራሱን ይደብቃል። ምድር አጠገብ ብዙ ሰዓት መውሰድ ይሻላል።