ሲልቪዩስ ማኛጎ፦ ኮታን በሕግ ያሰሩት ፖለቲከኛ

ሐረር ላይ የክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበሮች ክፍፍል፣ ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ደግሞ 40-40-20 (ሥልጣን ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ የሚከፈልበት ቀመር) በተነሳ ቁጥር ለንጽጽር የሚጠሩት ስዊዘርላንድና ቤልጂየም ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ከሁለቱም ይልቅ የምትቀርበው በሰሜን ጣሊያን ያለችው፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጀርመንኛ ተናጋሪ የሆነው አውራጃ ደቡብ ቲሮል ናት። የእሷን የራስ አስተዳደር ታሪክ ለመረዳት ደግሞ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን መከተል ይበቃል።

ሲልቪዩስ ማኛጎ እ.ኤ.አ. በ1914 ሜራኖ ተወለዱ። ቦሎኛ ላይ ሕግ አጠኑ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምሥራቅ ግንባር ላይ አንድ እግራቸውን አጡ። ከጦርነቱ በኋላ የአውራጃው ዋና ከተማ የቦልዛኖ ምክትል ከንቲባ፣ ቀጥሎም የክልሉ ምክር ቤት አባልና አፈ ጉባኤ ሆኑ። በ1957 የጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ፓርቲ የደቡብ ቲሮል ሕዝብ ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ፤ ከ1960 መጨረሻ እስከ 1989 ደግሞ የአውራጃው ርዕሰ መስተዳድር ነበሩ።

የችግሩ ሥር ከ1948ቱ የራስ ገዝ ሕግ ይመዘዛል። ጣሊያንና ኦስትሪያ በ1946 የተስማሙት ለጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ራስን የማስተዳደር መብት ለመስጠት ነበር። ሮም ግን ሥልጣኑን የቦልዛኖን አውራጃ (ማለትም ደቡብ ቲሮልን) እና ጎረቤቱን የትሬንቶን አውራጃ አንድ ላይ ላጠቃለለ ክልል ሰጠችው። እዚያ ደግሞ ጣሊያንኛ ተናጋሪው ብዙኃን ስለሆነ አናሳው በገዛ ራስ ገዙ ውስጥ በድምፅ ይሸነፍ ጀመር። ሥልጣን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ለማን፣ በየትኛው ወሰን ውስጥ የሚለው ግን ሁሉን ይወስናል።

በ1957 መንግሥት ቦልዛኖ ላይ 5,000 ቤቶች እንደሚሠራ አስታወቀ። ሕዝቡ ይህን ከደቡብ የሚመጡ ጣሊያኖችን ለማስፈር የታቀደ አድርጎ ወሰደው። በኖቬምበር 17 ቀን 35,000 ያህል ሰው ሲግመንድስክሮን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ ተሰበሰበ። ከተማው ውስጥ ሰልፍ ተከልክሎ ስለነበር ማኛጎ ሕዝቡ ወደ ቦልዛኖ እንደማይተም ለባለሥልጣናቱ ቃል ገብተው ነበር። «ከትሬንቶ እንላቀቅ» የሚለውን መፈክር አሰሙና በስሜት የጋለውን ሕዝብ በሰላም ወደየቤቱ ሸኙት። ከዚያ ወዲያ ሮም ስትደራደር፣ ቃል ከሰጠ ቃሉን ከሚጠብቅ ሰው ጋር እንደምትነጋገር ታውቅ ነበር። ይህ ቀላል ሀብት አልነበረም፤ በጁን 1961 በአንድ ሌሊት 37 የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በፈንጂ ሲፈርሱ ድርድሩ ሳይቋረጥ የቀጠለው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የድርድሩ ውጤት 137 ነጥቦች የያዘ ጥቅል ነበር። ማኛጎ ለፓርቲያቸው ጉባኤ ያቀረቡት በኖቬምበር 1969 ሜራኖ ላይ ነው። ክርክሩ እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ ዘለቀ፤ ድምፁ ሲቆጠር 583 ደግፈው፣ 492 ተቃወሙ። ለእኔ የሥራ ዘመናቸው ቁንጮ ይህ ሌሊት ነው። ከተቃዋሚዎቹ ዋነኛ የነበሩት አልፎንስ ቤኔዲክተር ከተሸነፉ በኋላ አኩርፈው አልወጡም፤ ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ሆነው የማስፈጸሚያ ደንቦቹን አንቀጽ በአንቀጽ ሲሟገቱ ኖሩ።

በ1972 የጸናው ሁለተኛው የራስ ገዝ ሕግ አብዛኛውን ሥልጣን ከክልሉ ወደ ሁለቱ አውራጃዎች አወረደው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ማስፈጸሚያ ደንብ የሚረቀቀው ስድስት አባላት ባሉት ኮሚሽን ነው፤ ሦስቱን መንግሥት፣ ሦስቱን አውራጃው ይልካል። ነገር ግን ከመንግሥት ተወካዮች አንዱ የግድ ጀርመንኛ ተናጋሪ፣ ከአውራጃው ተወካዮች አንዱ የግድ ጣሊያንኛ ተናጋሪ መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ሰው ከጎኑ አስቀምጦ ይደራደራል ማለት ነው። በምክር ቤቱም አንድ ረቂቅ የቋንቋ ቡድኖችን እኩልነት ይጥሳል ከተባለ በየቡድኑ ድምፅ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ከቡድኑ ሁለት ሦስተኛው ተቃውሞም ሕጉ ከጸደቀ ቡድኑ በ30 ቀን ውስጥ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያቀርበዋል።

ኮታውም በ1976 በወጣ ድንጋጌ ተወሰነ፦ በአውራጃው ውስጥ ያሉ የመንግሥት ሥራዎች (ፖስታ፣ ባቡር፣ ፍርድ ቤት) የቋንቋ ቡድኖቹ በሕዝብ ቆጠራ ባላቸው ድርሻ መጠን ይከፋፈላሉ፤ ተቀጣሪው ደግሞ የሁለት ቋንቋ ፈተና ያልፋል። በ2011 ቆጠራ ጀርመንኛ 69.41፣ ጣሊያንኛ 26.06፣ ላዲን (የአካባቢው ሦስተኛ ቋንቋ) 4.53 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ቆጠራ መሠረት ከ100 የሥራ መደብ 69 ያህሉ፣ 26 ያህሉና 5 ያህሉ በዚያው ቅደም ተከተል ይመደቡ ነበር።

ጉድለቱም ብዙ ነበር። ለጀርመንኛ ተናጋሪ የተያዘ መደብ አመልካች ሲያጣ ክፍት ይቀራል፤ ቱሪዝሙ የተሻለ ከከፈለ ማን ባቡር ጣቢያ ይቀጠራል? ፈተናውን የወደቀ ጣሊያናዊ ወጣት ደግሞ በተወለደበት ከተማ በሩ ተዘጋብኝ ይላል። በ1985 የቦልዛኖ ከተማ ምርጫ የኒዮ ፋሽስቱ ፓርቲ አንደኛ የወጣው ከዚህ ቅሬታ የተነሳ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የግዴታ ምዝገባው ነበር፦ በ1981 ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው ራሱን ከሦስቱ ቡድኖች በአንዱ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ከቅይጥ ቤተሰብ የተወለደው ምን ይበል? አልመዘገብም ያሉት ፖለቲከኛ አሌክሳንደር ላንገር የመምህርነት ሥራ አጡ፤ በ1995ም በዚያው ምክንያት ለቦልዛኖ ከንቲባነት እንዳይወዳደሩ ታገዱ። ማኛጎ ሥርዓቱን እስከ መጨረሻ ተከላክለዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ ላንገር ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ድሬ ላይ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ሶማሌ የሆነ ልጅ ከአንዱ ሳጥን ግባ ቢባል ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለንና።

የሐረሪ ክልል ሕገ መንግሥት ከ36ቱ ወንበሮች 14ቱን ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ በጽሑፍ አስቀምጧል፤ ሐረሪዎች በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 8.65 በመቶ ነበሩ። ወደድነውም ጠላነውም፣ የተጻፈ ነገር ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ይተረጎማል፣ ይሻሻላል። የድሬው 40-40-20 ግን የፖለቲካ ድርጅቶች ስምምነት ነው። ከቆጠራ ጋር አልተያያዘም፣ የሚታደስበት ጊዜ አልተወሰነለትም፣ 20 በመቶው ውስጥ የታጨቀው ነዋሪም በደሌ ይህ ነው ብሎ አንቀጽ ጠቅሶ የሚከስበት የለውም። ማኛጎ ለ30 ዓመት የተሟገቱት ይህ ክፍተት እንዲደፈን ነበር።

ርዕሰ መስተዳድርነቱን በ1989 ለሉዊስ ዱርንቫልደር አስረክበው፣ የፓርቲ ሊቀ መንበርነቱን በ1991 ለቀቁ። ኦስትሪያ በደቡብ ቲሮል ጉዳይ ከጣሊያን ጋር የነበራት ክርክር መዘጋቱን ያወጀችው በጁን 1992 ነው፤ ከሜራኖው ድምፅ 23 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ማኛጎም ይህን አይተው በ2010 ቦልዛኖ ላይ አረፉ።