ከሳውላ ወዲያ

ዛሬ ከጎፋዋ ከተማ ከሳውላ ወዲያ፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ፣ ከገጠር ወንጌላውያን ጋር ዋልን። አንድ አባት በሬዎቻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ 6 ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት። ስለ ጠፋው በግ በአማርኛ ሳስተምር ሁሉም በትህትና ሰሙኝ። «አባቴ፣ ለምእመናኑ በጎፍኛ እንደሚነግሩት አድርገው ይንገሩን» ስላቸው ግን ቤቱ ተለወጠ። የሚያለቅስም ነበር። ለካ በየእሁዱ አማርኛውን እያነበቡ እዚያው በቃላቸው ይተረጉማሉ! ይህን ማን አስተማራቸው?

ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ ቤተ ክርስቲያንን ያቆዩት እንዲህ ያሉ ገበሬዎች ነበሩ።

ነገ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ እሳቸው ያስተምራሉ። መጽሐፍ ቅዱሳቸው የዘፍጥረት ገጾች የሉትም። ጌታ ቢፈቅድ በሚቀጥለው አዲስ ይዤላቸው እመጣለሁ።