ኤስኤስዲን ለሃርድ ዲስክ ካሽ ማድረግ፦ አሠራሩና የተማርኩት

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ይሄዳል። የተፈለገው ቦታ አንባቢው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል ይጠበቃል። ክንዱ የሚንቀሳቀስበት 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲጨመር በሰከንድ 80 የተበታተነ ንባብ ቢገኝ ነው። ካሽ፣ ማለትም ደጋግሞ የሚፈለገውን ዳታ ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል በሌለው ማከማቻ) ላይ ማቆየት፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ትልልቅ ፊልም ለመገልበጥ አይረባም።

የሠራሁት በሊኑክስ ኤልቪኤም (ዲስኮችን አጣምሮ በሚከፋፍል ሥርዓት)፣ በ4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክና በ250 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። ሌላውን የሊኑክስ ካሽ መሣሪያ፣ ቢካሽን፣ የተውኩት ዲስኩን እንደ አዲስ ማሰናዳት ስለሚጠይቅ ነው፤ ኤልቪኤም ዳታው ባለበት ካሹን ይጨምራል፣ ያነሳልም።

ኤስኤስዲውን በፒቪክሪኤት ትእዛዝ አዘጋጅቼ፣ በቪጂኤክስቴንድ ትእዛዝ ሃርድ ዲስኩ ያለበት ቮልዩም ግሩፕ (የዲስኮች ስብስብ) ውስጥ አስገባሁት። ግሩፑ አንድ ካልሆነ አይያያዙም። ቀጥሎ በኤልቪክሪኤት 200 ጊጋባይት ቆረጥኩ። እዚህ ላይ የኤስኤስዲው ስም በትእዛዙ መጨረሻ ካልተጻፈ ቦታው ከሃርድ ዲስኩ ሊወሰድ ይችላል፤ ያኔ ሃርድ ዲስክ ለሃርድ ዲስክ ካሽ ሆኖ ቁጭ ይላል! የቀረውን ባዶ የተውኩት ኤስኤስዲው ሲጻፍበት እንዲተነፍስ ነው። በመጨረሻ ኤልቪኮንቨርት ሁለቱን አያያዘ።

ዋናው ውሳኔ የአጻጻፉ ስልት ነው። ራይትስሩ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለቱም ላይ ያሳርፋል፤ ኤስኤስዲው ቢሞት ዳታው ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ። ራይትባክ ኤስኤስዲው ላይ ጽፎ "ጨረስኩ" ይላል፣ ወደ ሃርድ ዲስኩ የሚያወርደው ቆይቶ ነው። በአንድ ኤስኤስዲ ራይትባክ መጠቀም ሙሉውን 4 ቴራባይት በእሱ ዕድሜ ላይ ማስያዝ ነው፤ የፈለገ ሁለት ኤስኤስዲ በሚረር (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) ያድርግ። ደግሞም መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ ሲስተሙ ሲነሳ ካሹ ውስጥ ያለውን ሁሉ "ያልወረደ" ብሎ ስለሚቆጥር ሃርድ ዲስኩ ለረጅም ጊዜ በመጻፍ ይጠመዳል። እኔ ራይትስሩን መረጥኩ።

እንደተያያዘ ለውጥ ካልታየ አትደንግጡ። ካሹ ባዶ ነው፤ ደጋግሞ የተነበበውን ብቻ ነው ቀስ በቀስ የሚሰበስበው። ፍጥነቱን አንዴ ብቻ በሚያነብ ፈተና መለካት ያሳስታል፤ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ እያሠሩ በኤልቪኤስ ትእዛዝ ካሹ ውስጥ የተገኘና ያልተገኘ ንባብ ቆጠራን ማየት ይሻላል።

ርካሽ ኪውኤልሲ (በአንድ ሴል አራት ቢት የሚይዝ) ኤስኤስዲ አይመከርም፦ ፈጣኑ ክፍሉ ሲሞላ የመጻፍ ፍጥነቱ ከሃርድ ዲስክ በታች ሊወርድ ይችላል።

ኤስኤስዲውን ከመንቀል በፊት ኤልቪኮንቨርትን በአንካሽ (ካሹን በሚያላቅቀው አማራጭ) ማስኬድ ግድ ነው። ዝም ብሎ ከተነቀለ፣ በራይትስሩም ቢሆን፣ ቮልዩሙ (ዳታው ያለበት ክፍል) አልነሳም ይላል፤ በራይትስሩ ዳታው አይጠፋም፣ ግን ካሹን በፎርስ (በግድ) ማስለቀቅ ያስፈልጋል። በራይትባክ ግን ያ ፎርስ ያልወረደውን ዳታ ይዞት ይሄዳል።