ቀዩ ድስት

ዛሬ ከጧት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ምክንያት የለውም። አለው እንበል፤ እማዬ ሦስት ጊዜ ደውላ አላነሳሁትም። ግን ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ማታ ወተት ጠጥቼ ልተኛ ብዬ ጣድኩና መፍላት ሲጀምር አየሁት፦ ቀዩ ድስት! የሥጋው!

እዚህ እስራኤል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተት አይቀላቀልም፣ ዕቃቸውም ለየብቻ ነው፤ ሰማያዊ ለወተት፣ ቀይ ለሥጋ። እሳቱን አጠፋሁና ቆሜ ማየት ጀመርኩ።

የማክሰኞው ትምህርት ትዝ አለኝ። ለካባላ፣ ለአይሁድ የምሥጢር ትምህርት ሊቃውንት፣ ነጩ ወተት የሔሴድ፣ የቸርነት ምልክት ነው፤ ቀዩ ሥጋና ደም የዲን፣ የፍርድ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ድስት መቀላቀል ለእነሱ የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታልሙዱ፣ የጥንት ረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ ግን ስለምታጠባ ሴት ሲናገር ደም ተለውጦ ወተት ይሆናል ይላል። ከዚያ ተነስተው ፍርድም ወደ ምሕረት ይለወጣል አሉ። መቀላቀል ክልክል ነው፣ መለወጥ ግን ይቻላል! ይቺን ነገር ወድጃታለሁ።

ቁጥርም አለው፤ በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነውና። ሐላቭ፣ ወተት ማለት ነው፦ ሔት 8፣ ላሜድ 30፣ ቤት 2፣ ድምሩ 40፤ ሙሴ ሲና ላይ የቆየበት ቀን። ለሻቩዖት፣ ኦሪት ሲና ላይ ለተሰጠበት በዓል፣ አይብ የምንበላው ለዚህ ነው የሚሉ አሉ። (የግዕዙ ሐሊብና የእኛ «አለበ» ያው ቃል ናቸው፤ ሐውን ጣልነው እንጂ። «ወተት» ላይም ደምሬ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም።)

ከሁሉ የማይለቀኝ ግን የታልሙዱ ሊቅ የረቢ አኪቫ ነገር ነው። ኦሪት በማስተማሩ ታስሮ ሳለ ተማሪው ሺሞን ባር ዮሐይ፣ ዞሃርን፣ ዋናውን የካባላ መጽሐፍ፣ ጻፈ የሚባልለት፣ መጥቶ «አስተምረኝ» አለው። እምቢ አለ። «ካላስተማርከኝ ለአባቴ ነግሬ ለመንግሥት አሳልፎ ይሰጥሃል» ብሎ አስፈራራው፤ እስር ላይ ያለ ሰው! ያን ጊዜ አኪቫ፣ «ልጄ፣ ጥጃው ሊጠባ ከሚፈልገው በላይ ላሚቱ ልታጠባ ትፈልጋለች» አለው። ተማሪውም አልተረታም፤ «አደጋ ላይ ያለው ማነው? ጥጃው አይደለም እንዴ?» ብሎ መለሰ። በኋላ የመጡት ሊቃውንት ከዚህ ብዙ አወጡ፦ ፈጣሪ ለመስጠት ከተቀባዩ ይልቅ ይቸኩላል አሉ።

እማዬ አኪቫን አታውቀውም። ለእኛ ለቤተ እስራኤል ሰው ጎንደር ሳለ ኦሪት እንጂ ታልሙድ አልነበረውም። ላም ግን ታውቃለች። ልጅ ሆና አንዲት ላማቸው ጥጃዋ ሞተባትና ወተቷን ያዘች። ቆዳውን ገፈው፣ ገለባ ሞልተው ፊቷ አቆሙላት። እየላሰችው ታለበች። ይሄን ስትነግረኝ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ «ላሚቱ ውሸት መሆኑን አላወቀችም?» አልኳት። እማዬ ሳቀች።

«ብታውቅስ ምን ታድርግ፣ ልጄ? ግቷ ሞልቶ።»

ይሄን የትኛው ሊቅ ጻፈው? ቸርነት የሚባለው ተቀባይ ሲጠፋ የሚያም ነገር ከሆነ፣ ገለባም ይበቃዋል ማለት ነው? ወይስ ላሚቱ ተታለለች? አኪቫ ፊት ሺሞን ባይመጣስ ኖሮ፣ ለግድግዳው ያስተምር ነበር?

አሁን ልደውልላት ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ከሌሊቱ ሰባት ተኩል ነው። በዚህ ሰዓት ብደውል ሰው ሞተ ብላ ልትሞትብኝ ነው። አስቀመጥኩት።

ወተቱ ቀዝቅዞ ስልባቦት ሠርቷል። ነገ ስለ ድስቱ ረቢውን መጠየቅ አለብኝ። መጀመሪያ የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ፦ ባለፉት 24 ሰዓታት ሥጋ አብስለሽበታል? ይኸው ግማሽ ሰዓት አሰብኩ። ያላየኋትን ላም ግት የማስታውስ ሴትዮ፣ ትናንት ራት ምን እንደበላሁ ጠፋብኝ።