የስንት ባች ነህ?

ካምፓስ የጨረሱ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ መጀመሪያ የት ግቢ ነው የተማርከው ይባባላሉ፣ ቀጥሎ የስንት ባች ነህ (በስንት የገባህ ነህ ማለት ነው) ይመጣል። እኔ ሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚያጓጓኝ። ግቢው ያን ያህል አይነግርህም፣ አርባ ምንጭም ተማር ደብረ ብርሃን ካሪኩለሙ ያው ነው፣ የካፌ በጀቱም ያው ነው። ባቹን ካወቅክ ግን ልጁን የቱ መመሪያ እንደሰራው ታውቃለህ። በሶስት አመት ዲግሪ የያዘ አለ፣ ፍሬሽማን (ዲፓርትመንት ከመግባት በፊት ያለው የመጀመሪያ አመት) የሚባል ነገር ሳያይ የወጣ አለ፣ 70/30 በሚባለው የመንግስት ምደባ ኢንጂነር የሆነ አለ፣ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) አልፎ የገባ አለ፣ ኤግዚት (የመውጫ ፈተና) ላይ የቀረ አለ፣ ሁሉም የአንድ አገር ተማሪ ነው ግን አንድ አይነት ዩኒቨርሲቲ አልተማረም።

ክልል ላይ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ነኝ፣ ተምሬም አስተምሬም ያየሁት ይሄንኑ ስለሆነ ዛሬ ትንሽ ላውራበት።

ሲጀመር መንግስት ዩኒቨርሲቲን እንደራሱ እቃ ማየቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጃንሆይ በ1954 ቤተመንግስታቸውን ሰጥተው የራሳቸው ስም የወጣለት ዩኒቨርሲቲ ከፈቱ፣ እዛው 1950ዎቹ ውስጥ ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ አመት ገጠር ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ (ይሄኛው እንደውም ከብዙዎቹ ፖሊሲዎች የተሻለ ይመስለኛል፣ ያ ትውልድ ገበሬውን በአይኑ አይቶ ነው የመጣው፣ ያየው ነገር ደግሞ መንግስትን እንዲቃወም አደረገው)። ደርግ በ1967 ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና አስተማሪ ለእድገት በህብረት ዘመቻ አዘመተ። ኢህአዴግ በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራንን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። መንግስት ይቀያየራል፣ ግቢው ላይ ያለው እጅ ግን ያው ነው።

የኔ ዘመን ታሪክ የሚጀምረው ከ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ነው። 10ኛ ላይ ብሄራዊ ፈተና፣ ከዛ ሁለት አመት ፕሪፓራቶሪ (11ኛና 12ኛ)፣ ከዛ ካምፓስ። ፍሬሽማን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ፕሪፓራቶሪ ይውረድ ተባለ፣ ስለዚ ብዙው የአራት አመት ዲግሪ ሶስት አመት ሆነ። ወረቀት ላይ ሂሳቡ ልክ ነው። ግን እኮ ፕሪፓራቶሪው ፍሬሽማንን የሚተካው ላብ ካለው፣ ቤተመፃህፍት ካለው፣ በደንብ የሰለጠነ አስተማሪ ካለው ነው። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚል ፅሁፍ በሩ ላይ ነበረው፣ ውስጡ የተሰባበረ ወንበር ነበር የሚቀመጥበት። ካምፓስ ገብተን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ቢሬት የምትባለዋን የላብ ፈሳሽ መለኪያ ቱቦ ስናይ ግማሻችን ከላይ ነው ከታች የሚከፈተው እያልን ነበር፣ አስተማሪው ደግሞ ይሄን ፕሪፓራቶሪ ጨርሳችሁታል ብሎ አልፎት ይሄዳል። አንድ አመት ከላይ ተቆርጦ ከታች አልተተካም፣ በቃ ጠፋ።

ከዛ መስፋፋቱ መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ስትል አዲስ አበባና አለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ነበሩ፣ ዛሬ የመንግስቶቹ ብቻ ከ45 በላይ ናቸው። እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም፣ እነሱ መስፋፋቱ ነው ጥራቱን የገደለው ይላሉ፣ እኔ መስፋፋቱ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ድሮ የነበረው ጥራት እኮ ለስንት ሰው ነበር? እኔ ራሴ በድሮው ኮታ ቢሆን የምገባ አልነበርኩም፣ ከኛ መንደር ማንም አልገባም ነበር። ጥፋቱ ፍጥነቱ ላይ ነው፣ በ1999 እና 2000 አካባቢ ብቻ 13 ዩኒቨርሲቲ ነው በአንድ ዙር የተከፈተው። ህንፃ በሁለት አመት ይቆማል፣ ፒኤችዲ ያለው አስተማሪ ግን በሁለት አመት አይበቅልም፣ ስለዚ ምን ተደረገ፣ ሰኔ ላይ የተመረቀ ልጅ ጂኤ (ረዳት አስተማሪ) ተብሎ መስከረም ላይ ቾክ ይዞ ቆመ። ከተማሪዎቹ በሁለት አመት የሚበልጥ አስተማሪ። ጎበዝ ነበሩ ብዙዎቹ፣ ግን እነሱም ገና ተማሪ ነበሩ። ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ስጦታ ሆነ፣ የዛኛው ዞን ተሰጥቶት የኛ ለምን ቀረ የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳ ነበር፣ የትኛው አካባቢ ምን አይነት ግቢ ያስፈልገዋል የሚለውን ማን ይጠይቅ።

70/30ን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ከ2001 አካባቢ ጀምሮ ከገቢው ተማሪ 70 ከመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማህበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። ሀሳቡ አገሪቱ ኢንዱስትሪ ልትገነባ ነው፣ ኢንጂነር ያስፈልጋታል የሚል ነው፣ ሲሰማ ክፋት የለውም። ችግሩ ቁጥሩ ከፋብሪካው ቀድሞ መምጣቱ ነው። ኢንጂነሩ ተመረተ፣ ኢንጂነሩን የሚቀጥረው ድርጅት አልተመረተም። በዛ ሰሞን ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ተመራቂ የሁሉም ሰው ወሬ ነበር፣ መንግስት እሱንም እንደ ስኬት ሲያወራው ሰምተናል፣ ስራ አይናቅም እየተባለ። ስራ አይናቅም ልክ ነው፣ ግን ለዛ ስራ አምስት አመት ቴርሞዳይናሚክስ ምን አደረገ።

ሰው የማያስተውለው ደግሞ 70/30 ካምፓስ በር ላይ አልነበረም የሚጀምረው፣ 11ኛ ክፍል ላይ ነው። ፕሪፓራቶሪ ሲመደብ ክፍሎቹም በዛው ሂሳብ ነበር የሚሞሉት፣ ታሪክ መማር የሚፈልግ አንድ የሰፈሬ ልጅ ማህበራዊ ሳይንስ ሞልቷል ተብሎ ናቹራል ገባ፣ ናቹራል ስለገባ ካምፓስ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ደረሰው፣ ሲቪል ላይ ሁለቴ ትምህርቱን አቋርጦ ሊወጣ ነበር፣ በስንት መከራ ተመረቀ፣ አሁን የባንክ ሰራተኛ ነው። ታሪኩንም አላገኘው፣ ኢንጂነሪንጉንም። በሌላ በኩል ማህበራዊ ሳይንስ የደረሳቸው ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትራፊ ናችሁ ተብለው ነው የተማሩት፣ ይሄን ስሜት ዛሬም አስተማሪዎቹ ላይ ሳይቀር ታየዋለህ፣ በጀት ሲቀነስ ማን ላይ እንደሚጀመር ሁሉም ያውቃል። ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ 70ው ሲመጣ ማሽኑ 70 አልሆነም፣ አንድ ሌዝ ማሽን (የብረት መቅረጫ) ከቦ የቆመ ስልሳ ተማሪ፣ ፊት ያሉት ያያሉ፣ ኋላ ያሉት ከነሱ ላብ ሪፖርት ይገለብጣሉ።

መሀል ላይ የሰርኩላር ዘመን ነበር፣ እሱን በአጭሩ። ቢፒአርና ቢኤስሲ የሚባሉት የመስሪያ ቤት አሰራር ማሻሻያዎች፣ የለውጥ ሰራዊት፣ ተማሪ በቡድን የሚደራጅበት አንድ ለአምስት። ከላይ የመጣ ነገር ሁሉ እስከ ክፍል ድረስ ይወርድ ነበር። አንድ ለአምስቱ ቃለጉባኤ ይጠየቅበታል፣ ተማሪዎቹ ደግሞ የሴሚስተሩን ቃለጉባኤ በሙሉ ሪፖርት በሚገባበት ዋዜማ ማታ ዶርም ቁጭ ብለው ይፅፉታል፣ እስክሪብቶ እየቀያየሩ። በ2005 አካባቢ ሞጁላር ካሪኩለም መጣ፣ ኮርሶች በብሎክ ይሰጡ፣ ተከታታይ ምዘና ይሁን። ተከታታይ ምዘና በ25 ልጅ ጥሩ ነገር ነው፣ በ90 ልጅ ግን አስተማሪው ሲያርም ይከርማል ወይ ሳያነብ ማርክ ይሰጣል፣ የትኛው እንደሆነ ለናንተ ልተወው።

ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ከ1996 ጀምሮ አለ፣ ተመርቀህ ስትቀጠር ከደሞዝህ እየተቆረጠ ትከፍላለህ፣ እስክትጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪህ ግቢው ጋር ይቀራል አንተ ቴምፖ (ጊዜያዊ ወረቀት) ይዘህ ትዞራለህ። በመርህ ደረጃ ተቃውሞ የለኝም። ግን ስራ የሌለው ተመራቂ ኦሪጅናሉን በምን ያወጣዋል የሚለውን ያሰበበት ያለ አይመስለኝም። ለአንድ ተማሪ ምግብ የሚመደበው ደግሞ ለአመታት በቀን 15 ብር ነበር፣ ከዛ 22 ሆነ፣ በቅርቡ 100 ደረሰ። በ22 ብር ሶስት ጊዜ የሚያበላ ግቢ እንዴት እንዳስተዳደሩት ለነሱ ሽልማት ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ተገላቢጦሹ። የትምህርት ፍኖተ ካርታው መጣና የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀረ፣ ከ2012 ጀምሮ ፍሬሽማን ተመለሰ፣ ዲግሪው አራት አመት ሆነ። ኢንጂነር የሚሆነው ልጅ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይማራል፣ አንትሮፖሎጂ ይማራል፣ ግሎባል ትሬንድስ ይማራል። እኔ ደስ ብሎኛል እውነት ለመናገር፣ የ70/30 ልጆች ያጡት ይሄንን ነበር። ግን ማንም ወጥቶ የ1986ቱ ቅነሳ አልሰራም፣ ያልሰራው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው ብሎ አላስረዳንም፣ ዝም ብሎ አንድ መስከረም ላይ ተመለሰ። ፍሬሽማን ያላየው የእኔ ትውልድ አስተማሪ ፍሬሽማን እንዲያስተምር ተላከ፣ ሞጁሉም ከኛ ጋር እኩል ነው የደረሰው።

ከዛ ፈተናው ከበደ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ፣ 50 ከመቶ እና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ። በቀጣዩ አመት 3.2፣ ከዛ 5.4፣ የ2017ቱ 8.4። ኩረጃ መቆሙ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ይሄን ሊክድ አይገባም፣ እኛ ክፍል ውስጥ ልዩነቱን አይተነዋል፣ አሁን የሚገባው ልጅ ስታስረዳው ይከተልሃል። ግን ያ ሁሉ መስፋፋት የተገነባው በመቶ ሺዎች ይገባሉ ተብሎ ነው። ለብዙ ሺህ ተማሪ የተሰራ ግቢ ውስጥ አዲስ የሚገባው በመቶ ሲቆጠር፣ ዶርሞች ተቆልፈው ሲቀሩ፣ አንድ ዲፓርትመንት ሰባት ተማሪ ይዞ አስራ አምስት አስተማሪ ሲኖረው ታያለህ። ነጥቡ ላልሞላላቸው ሪሜዲያል መጣ፣ ማስተርስ ያለው አስተማሪ የ11ኛ እና የ12ኛን ፊዚክስ ማስተማር ጀመረ። ስራው ክብር የለውም እያልኩ አይደለም፣ እንደውም ልጆቹ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው፣ ግን የሁለተኛ ደረጃውን ጉድለት ዩኒቨርሲቲ ይድፈነው ማለት ከ1986ቱ ጋር ተመሳሳይ ስህተት ነው፣ ያኔ ወደታች ነበር የተገፋው አሁን ወደላይ።

በመውጫው በኩል ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም። ሐምሌ 2015 የመጀመሪያው ሲሰጥ ያለፈው 40.65 ከመቶ ነበር፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37፣ የግሎቹ 17.2። ዲግሪ እንደ ደረሰኝ ይሸጡ የነበሩ ቤቶችን ያጋለጠ ቁጥር ነው፣ ለዛ ብቻ እንኳን መሰጠቱን እደግፋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ክፍል ውስጥ ያመጣው ነገር ነው። ባለፈው አንድ ከሲላበስ ትንሽ ወጣ ያለ ነገር እያስረዳሁ፣ በጣም የምወደው ርእስ ነው፣ ከኋላ አንዷ ጎበዝ ተማሪዬ እጇን አወጣች፣ ጥያቄ ሊመጣ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ስጠብቅ "ቲቸር ይሄ ብሉፕሪንቱ ላይ አለ?" አለችኝ፣ የኤግዚት ፈተናው ይዘት ዝርዝር ላይ ማለቷ ነው። የለም አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልፈርድባትም፣ እኔም በሷ ቦታ ብሆን አስቀምጥ ነበር፣ ምክንያቱም ካላለፈች አራቱ አመት ወረቀት የለውም። ጂሲዎች (ተመራቂዎቹ) የመጨረሻውን ሴሚስተር በቱቶሪያልና በሞዴል ፈተና ነው የሚያሳልፉት፣ የመመረቂያ ፅሁፉ በሶስት ሳምንት ተሰርቶ ይገባል፣ አማካሪውም ያውቃል ኮሚቴውም ያውቃል። ዲፓርትመንት ሄድም የሚገመገመው በማለፊያ መቶኛ ስለሆነ ምርጫ የለውም።

ስለዚ የኔ ቅሬታ ይሄኛው ፖሊሲ መጥፎ ነው ያኛው ጥሩ ነው የሚል አይደለም። አንዳንዱ ጥሩ ነው። የሚያናድደኝ ሁሉም ነገር ሁሉም ግቢ ላይ በአንድ መስከረም መጀመሩ ነው። 45 ዩኒቨርሲቲ ካለህ አምስቱ ላይ ሞክረው፣ አምስት አመት ጠብቅ፣ ከዛ እየው። የ70/30 ባቾች የት ደረሱ? ስንቱ በተማረበት እየሰራ ነው? ይሄን ተከታትሎ ለህዝብ ማቅረብ ከባድ አይደለም፣ ስማቸው ሬጅስትራር ጋር አለ፣ ኮስት ሼሪንጉ ደግሞ ደሞዛቸው ላይ አለ።

አሁን ራስ ገዝ የሚባለው፣ ዩኒቨርሲቲ ራሱን በራሱ ያስተዳድር የሚለው መጥቷል፣ አዋጁ በ2015 ወጣ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል፣ ሌሎቹም ይከተላሉ ተብሏል። ብዙው ሰው የሚያወራው ክፍያ ይጨምራል ወይ፣ ፕሬዚዳንቱን ማን ይመርጣል የሚለውን ነው። እኔ ሌላ መለኪያ አለኝ። ዲፓርትመንታችን አንድ ያረጀ ኮርስ አውጥቶ በሌላ ለመተካት ጠይቆ ነበር፣ አምስት ገፅ ማብራሪያ ፃፍን፣ ቀጣሪዎች አነጋገርን፣ ዲፓርትመንት ካውንስል አፀደቀው፣ ኮሌጁም አፀደቀው። የመጣው መልስ ካሪኩለሙ በአገር ደረጃ ሃርሞናይዝድ (ወጥ የተደረገ) ስለሆነ አይነካም የሚል ነው፣ አንድ አረፍተ ነገር። ኮርሱን ዘንድሮም እያስተማርኩት ነው። ራስ ገዝነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ያንኑ አምስት ገፅ አውጥቼ መጀመሪያ የማስገባው እኔ ነኝ።